ሁለተኛው አደጋ

ኮሞሮስ ላይ ብዙ ሰው የሞተው የሕይወት አድን ጃኬት ስለነበረው ነው ብል አንባቢ ይቆጣኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጃኬቱ ጥፋት አልነበረበትም፤ የተነፋበት ቦታ ነው ጥፋቱ።

ዕለቱ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወደ ብራዛቪል፣ ሌጎስና አቢጃን ሊቀጥል የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 175 ሰዎችን ይዟል። ከተነሣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ሦስት ወጣቶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። ዐሥራ አንድ ነን አሉ፤ ቦምብም ይዘናል አሉ። ቦምብ የተባለው በኋላ የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኝቷል። የክፍሉን የእሳት አደጋ መጥረቢያ ነጥቀው ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው አስወጧቸው። ካፒቴን ልዑል አባተንም ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሏቸው።

ካፒቴኑ የተቀዳው ነዳጅ አውስትራሊያን እንደማያሳያቸው ቢያስረዱ የሚሰማ አልተገኘም። ጠላፊዎቹ በወንበር ኪስ ከሚቀመጠው የበረራ መጽሔት ላይ ይህ ዓይነቱ አውሮፕላን 11 ሰዓት እንደሚበር አንብበዋል። ታንከሩ ጢም ብሎ ሲሞላ እንደሆነ ማን ይንገራቸው? ካፒቴን ልዑል ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ ደርሶባቸው ያውቃል። በቀጥታ ወደ ውቅያኖሱ ከመግባት ይልቅ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ መሬት ከዓይናቸው እንዳይርቅ። ጠላፊዎቹ ነቅተው ወደ ምሥራቅ ሲያስዞሯቸውም አፍንጫውን ቀስ ብለው ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑት።

በመጀመሪያ የቀኙ ሞተር ነዳጅ ጨርሶ ጠፋ። ካፒቴኑ ማይክሮፎኑን ይዘው ለመንገደኞቹ እውነቱን ነገሯቸው፤ አንዱ ሞተር ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም ሊጠፋ ነው። ጠፋም። ደሴቲቱ ላይ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሲሞክሩ ከጠላፊዎቹ ጋር ግብግብ ተነሣ፤ በዚያ መሀል መንደርደሪያው ከዓይናቸው ጠፋ። የቀረው ባሕሩ ብቻ ነበር። ከዳርቻው 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ጋላዋ ከሚባል የቱሪስት ሆቴል ፊት ለፊት፣ አውሮፕላኑን ውሃ ላይ አወረዱት። ለጫጉላ ሽርሽር የመጡ ደቡብ አፍሪካውያን ባልና ሚስት በቪዲዮ ካሜራቸው ስለቀረጹት ቅጽበቱን ዛሬም ማየት ይቻላል። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ የግራው ክንፍ ጫፍ ውሃውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ አረፋ ነው።

ከ175ቱ 50 ሰዎች ተረፉ። ከሞቱት መካከል የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ይገኝበታል።

ወደ ጃኬቱ እንመለስ። ብዙ መንገደኞች ውሃ ላይ ማረፋቸው እንደማይቀር ሲረዱ ጃኬታቸውን እዚያው በተቀመጡበት ነፉት። ሰው ቢያደርገው የሚያስገርም አይደለም። ባሕር እየመጣ ነው፣ አየር የሚሞላ ጃኬት አንገትህ ላይ አለ፣ ገመዷ እጅህ ላይ ናት። ግን እስቲ የተሰበረ የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚሆነውን አስቡት። ውሃው ከወለሉ ወደ ላይ ይነሣል። በሩ ወይም የተሰበረው ቀዳዳ ከውሃው በታች ይሆናል። ለመውጣት ጠልቆ፣ ሁለትና ሦስት ሜትር ከውሃ በታች ሄዶ፣ ቀዳዳውን በዳበሳ ማግኘት ያስፈልጋል። ጃኬቱን የነፋ ሰው ግን መጥለቅ አይችልም። ጃኬቱ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ይገፋዋል። ውሃውም እዚያው ድረስ ይከተለዋል።

የበረራ አስተናጋጇ "ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉት" የምትለው ለዚህ ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰምተናት ይሆን? ምክንያቷን ነግሮን የሚያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ ከጭንቅላት ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ነው።

አንድ የአውሮፕላን አደጋ በእኔ አቆጣጠር ሁለት አደጋ ነው። የመጀመሪያው መጋጨቱ ነው፤ ሰከንዶች ይፈጃል። ሁለተኛው ከመጋጨቱ በኋላ ያለው ነው፤ እሳቱ፣ ጭሱ፣ ውሃው፣ የጠበበው መተላለፊያ፣ አልከፈት ያለው በር። ብዙዎቻችን የምንፈራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱን ካለፍን ተርፈናል፣ ካላለፍነው አልቆልናል ብለን እናስባለን። የአደጋ መርማሪዎች የሚያውቁት ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2000 በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ የደረሱ 568 አደጋዎችን መርምሮ ነበር። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ከነበሩት 53,487 ሰዎች 51,207ቱ፣ ማለትም ከመቶ ዘጠና አምስቱ በላይ፣ ተርፈዋል። ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባሉ አደጋዎችንም ይጨምራል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ቦርዱ የከፉትን ብቻ፣ እሳት የተነሣባቸውን፣ አውሮፕላኑ ክፉኛ የተጎዳባቸውንና ሰው ጽኑ ጉዳት የደረሰባቸውን 26 አደጋዎች ለይቶ ቆጠረ። በእነዚህ 2,739 ሰዎች ነበሩ፤ 1,524ቱ፣ ከግማሽ በላይ፣ በሕይወት ወጥተዋል። ከሞቱት መካከል ደግሞ 340ዎቹን የገደላቸው እሳትና ጭስ ነው፤ ምቱ አይደለም። እነዚህ 340 ሰዎች የመጀመሪያውን አደጋ አልፈው ሁለተኛው ላይ የቀሩ ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ትንሽ ልበል፤ እሱም ቢሆን ዕጣ ብቻ አይደለምና። ሰውን የሚገድለው ፍጥነት አይደለም፤ ድንገት መቆም ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም በውስጡ ያለ ሰው የሚሰማው ጫና የክብደቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ያማል እንጂ አይገድልም። ያው አውሮፕላን በ10 ሜትር ቢቆም ጫናው ወደ ሃያ አምስት እጥፍ ያድጋል፤ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት 1,700 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አብራሪ መውደቁ እንደማይቀር ካወቀ የሚፈልገው ለስላሳ ቦታ ሳይሆን ረጅም ቦታ ነው። የሚንሸራተትበት ቦታ።

እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ፣ ዝይዎች ሁለቱንም ሞተሮች ያጠፉበት ካፒቴን ቼዝሊ ሰለንበርገር ሃድሰን ወንዝ ላይ ያገኙት ይህንን ነው። 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ብዙ ሰው እሳቸውንና ካፒቴን ልዑልን ያወዳድራል፤ ንጽጽሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የሃድሰኑ አውሮፕላን የክንፉን ማዘግያ ዘርግቶ ውሃውን በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነካ። ኮሞሮስ ላይ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ስለጠፉ ማዘግያውን መዘርጋት አልተቻለም፤ ፍጥነቱ ከ320 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነበር። ይህ ማለት ከፍጥነቱ የተነሣ ብቻ የምት ኃይሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ሃድሰን እንደ መስታወት የተኛ ወንዝ ነው፤ የኮሞሮሱ ሞገድ ያለበት ውቅያኖስ ነው። በሰለንበርገር ራስ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው አልቆመም። በዚህ ሁሉ ላይ 50 ሰው መትረፉ ነው የሚያስደንቀኝ።

ቀበቶውም የመጀመሪያው አደጋ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእስያና አየር መንገድ ቦይንግ 777 ሳን ፍራንሲስኮ ሲያርፍ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ጭራው ከመንደርደሪያው በፊት ካለው የባሕር ግንብ ጋር ተላትሞ ተቆረጠ። ከ307 ሰዎች የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ቀበቶ ሳያስሩ የተቀመጡና ከአውሮፕላኑ ተወርውረው የወጡ ነበሩ። ጎንበስ ብሎ ራስን ከፊት ወንበር ጋር ማስጠጋትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህ "ሬሳው እንዲለይ ነው" ሲል ሰምቻለሁ። ተረት ነው። ጭንቅላት ቀድሞ የተጠጋውን ነገር ዳግመኛ በኃይል ሄዶ አይመታውም፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። እግሩ የተሰበረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሁለተኛውን አደጋ የሚያመልጥበት ምንም መንገድ የለውም።

ሁለተኛውን አደጋ ለማወቅ ግን ጨርሶ ያልበረረ አውሮፕላን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1985 ማለዳ እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ አንድ ቦይንግ 737 137 ሰዎችን ይዞ ወደ ግሪክ ደሴት ኮርፉ ሊነሣ ይንደረደራል። መሀል ላይ ከግራው ሞተር ውስጥ አንድ ክፍል ፈንድቶ የክንፉን ነዳጅ ማጠራቀሚያ ቀደደው። አብራሪዎቹ የሰሙት ድብ የሚል ድምፅ ነው፤ ጎማ የፈነዳ መሰላቸው፤ በረራውን ሰርዘው ጎማዎቹን እንዳይጎዱ በእርጋታ አቆሙት። ከመንደርደሪያው ወደ ጎን ሲታጠፉ ግን ቀላል የሆነ ነፋስ የሚፈስሰውን እሳት ወደ አውሮፕላኑ አካል ላከው። ግጭት የለ፣ ስብራት የለ፣ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ነው። 55 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ 48ቱን የገደለው ጭስ ነው።

እንዴት? የቀኙ የፊት በር መንሸራተቻው ተቀርቅሮበት ከአንድ ደቂቃ በላይ አልከፈት አለ። በክንፉ ላይ ያለውን መውጫ እንድትከፍት የተገደደችው አጠገቡ የተቀመጠች መንገደኛ ናት፤ መዝጊያው 22 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲላቀቅ ላይዋ ላይ ወደቀ። ከኋላ ጥቁር ጭስ መጣ። የሚቃጠል የወንበር ስፖንጅና የፕላስቲክ ግድግዳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሳይሆን ሳያናይድም ያወጣል፤ ጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥለዋል። የወደቀው ሰው መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ ከኋላው ያለው በላዩ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ የክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ሔለን ሚውር አንድ ነገር ሞከሩ። ሰው በጎ ፈቃደኛ ሲሆን ከአውሮፕላን በጨዋነት ተሰልፎ እንደሚወጣ ይታወቃል፤ ይህ ግን ማንቸስተር ላይ ስለሆነው ምንም አይናገርም። ስለዚህ አሮጌ አውሮፕላን ውስጥ ፈቃደኞችን አስገብተው፣ ቀድሞ ለሚወጣው ግማሽ ሰው 5 ፓውንድ ጉርሻ አሉ። ለ5 ፓውንድ! ሰዎቹ በወንበር ላይ ተንጠላጠሉ፣ በሩ ላይ ተጠቅጥቀው ማንም የማያልፍበት ቡሽ ሆኑ። ወደ በሩ የሚወስደው ክፍተት ሲሰፋና ከክንፉ መውጫ አጠገብ ያለው ወንበር ራቅ ሲል ግን ፍሰቱ ተስተካከለ። ዛሬ በየበረራው ወለል ላይ የሚበራው የመብራት መስመር፣ እሳት ቶሎ የማይበላው የወንበር ልባስ፣ በመውጫው አጠገብ ያለው ሰፋ ያለ ቦታ የዚያ ዘመን ውርስ ነው። አየር መንገዱ ለእግር ምቾት ብሎ ያሰፋው የሚመስለው ካለ፣ የሰፋበት ምክንያት ሌላ ነው።

ሕጉ አዲስ አውሮፕላን ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግማሹ በር ተዘግቶ፣ በጨለማ፣ መንገደኛው በሙሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ይታይ ይላል። ትልቁ ኤርባስ 380 እ.ኤ.አ. በ2006 ሀምቡርግ ላይ ሲፈተን 873 ሰው በ78 ሰከንድ ወጥቶለታል። ግሩም ነው። ብቻ በዚያ ሙከራ ላይ ዱባይ የገዛውን ስልክ ከላይኛው ሳጥን ካላወረድኩ የሚል አልነበረም።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። አንድ ጊዜ አጠገቤ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ እናት ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭናቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ በሶና ቅቤ ይዘው። አስተናጋጇ ጃኬቱን ስታሳይ በትኩረት ያዩ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ስልኩ ላይ ነው።

"ልጄ፣" አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ይቺ ልጅ የምታሳየን ከወደቅን በኋላ የምናደርገውን ነው?"

"አዎ እማማ። እንዲያው ድንገት ቢሆን ነው እንጂ..."

"ከወደቅንማ ምን ቀረን ብላ ነው?"

በዚያ ሰዓት የማንቸስተሩን ማውራት ነውር መሰለኝ። ይልቅ ቀበቶውን አስፈታኋቸው። የመኪና ቀበቶ እንደለመደው ሰው በአውራ ጣታቸው ጎኑን ሊጫኑት ፈለጉ። ይሄኛው ክዳኑን ወደ ላይ ማንሣት ነው አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ፈቱት፣ አሰሩት። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሰው በድንጋጤ ጊዜ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ ከአደጋ በኋላ ያልሆነ ቦታ ላይ ቁልፍ ሲፈልጉ የተገኙ ሰዎች አሉ። ቀጥዬ ከእኛ እስከ መውጫው በር ስንት ወንበር እንዳለ እንቁጠር አልኳቸው። በጭስ ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ እጅ ግን ወንበር እየነካ መቁጠር ይችላል። መቁጠሪያቸውን አወጡ። አንድ ረድፍ፣ አንድ ፍሬ። ወደ ፊት ዘጠኝ፣ ወደ ኋላ ስድስት።

"ስድስቱ ይሻለናል" ብለው መቁጠሪያውን እዚያ ፍሬ ላይ ይዘው ቆዩ።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ግን ይህን አይደለም፤ የትኛው ወንበር ይሻላል ነው። ኋላ ነው የሚል አለ። ማንቸስተር ላይ እሳቱ የገባው ከኋላ ነው። ከዚያ ዐሥር ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1985፣ ጃፓን ተራራ ላይ በወደቀው ቦይንግ 747 ደግሞ ከ524 ሰዎች የተረፉት አራቱም ኋላ የተቀመጡ ነበሩ። ወንበር የሚመርጠው አደጋው ነው። ወደ በር የቀረበ ይሻላል ከማለት ያለፈ ምክር የለኝም።

የዚያን የጃፓን አውሮፕላን መነሻ ምክንያት ማየት ግን ይጠቅማል። "ለምን ወደቀ?" ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1978 ኦሳካ ሲያርፍ ጭራው መሬት ነክቶ ነበር። ከኋላ የሚገኘው፣ አየሩን ውስጥ አፍኖ የሚይዘው ትልቅ ግድግዳ ሲጠገን አንድ ሆኖ መግባት የነበረበት የማጠናከሪያ ብረት ተቆርጦ ሁለት ሆኖ ገባ፤ ሸክሙን ሁለት ረድፍ የብረት ሚስማር (ሪቬት) ሊሸከም ሲገባው አንድ ረድፍ ተሸከመው። በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች፣ ሰባት ዓመት። ከዚያ ግድግዳው ተቀደደ፤ አየሩ የጭራውን ቀጥ ያለ ክንፍ ገነጠለው፤ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ሁሉ ፈሰሰ። አብራሪዎቹ ሞተሮቹን ብቻ እያጠነከሩና እያላሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየር ላይ ቆዩ። ነፍስ አድን ሠራተኞች ቦታው የደረሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከተረፉት አንዷ፣ በዕለቱ ሥራ ላይ ያልነበረች አስተናጋጅ፣ ሌሊቱን የሌሎች ሰዎች ድምፅ ትሰማ እንደነበርና ድምፁ አንድ በአንድ እንደጠፋ ተናግራለች። ሪቬቱ የመጀመሪያውን አደጋ አመጣ፤ ሁለተኛውን ያመጣው መዘግየቱ ነው።

የኛውን የባሕር ዳር አደጋ ያመጣው ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር ነው። አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ አሥመራ ሊቀጥል የነበረ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ዞሩ፤ ሞተሮቹ ግን እየጋሉ፣ እያስነጠሱ፣ አንድ በአንድ ከዷቸው። መንደርደሪያው ጋ ሳይደርሱ ጎማ ሳይዘረጉ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ወጡ። አንድ ሞተር ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ በቀረው ይመለስ ነበር፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ምክንያት እንዳይኖር ነው ጥረቱ ሁሉ። ያንን ምክንያት ክንፍ ያለው ፍጥረት ሲያመጣው ግን የሚከሰስ ሰው የለም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም፣ ዳግም እንዳይደርስ ማድረግ ነው የሚለው እንዲሁ ለይምሰል አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 ጉዳይ ይህን በመራራው ያሳየናል። 157 ሰው ነበረበት፤ አንድም አልተረፈም። አፍንጫው ወደ ነፋሱ ምን ያህል እንደተነሣ የሚለካው የግራ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ የአዲሱ ቦይንግ 737 ማክስ ኮምፒውተር ያንን አንድ መሣሪያ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ የ189 ሰው ሕይወት የጠፋው በዚያው ችግር ነበር። በዚህ አደጋ ላይ ምዕራፉን ሙሉ ያወራሁት ነገር ምንም አይሠራም። እንዲህ ባለ ፍጥነት መሬት የሚመታ አውሮፕላን ሁለተኛ አደጋ የለውም፤ ቀበቶውም፣ ረድፍ መቁጠሩም፣ በሩም ትርጉም ያጣሉ። እዚያ ሕይወት ማትረፍ የሚቻለው ከአደጋው በፊት ብቻ ነበር፤ በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ፣ በተቆጣጣሪዎች ቢሮ፣ ከኢንዶኔዥያው በኋላ በነበሩት ወራት።

የሁለቱንም አደጋ መልክ አንድ ላይ የሚያሳየኝ ግን የቶኪዮው ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024። በዋዜማው በጃፓን ኖቶ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ትንሽ አውሮፕላን የእርዳታ ዕቃ ጭኖ ሊነሣ ወረፋ ይዟል። ተቆጣጣሪው ከመንደርደሪያው ጠርዝ ቆመህ ጠብቅ፣ ለመነሣት ቁጥር 1 ነህ አለው። አብራሪው "ቁጥር 1" የሚለውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ መንደርደሪያው ላይ ገባና ቆመ። በተቆጣጣሪዎቹ መስኮት ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት በራ፤ አላዩትም። ከሳፖሮ 379 ሰው ይዞ የሚያርፈው ኤርባስ 350 አብራሪዎችም ምሽት ነበርና ከፊታቸው የቆመውን ትንሽ አውሮፕላን አላዩትም። ሦስት ወገን፣ ሦስቱም ሥራውን የሚያውቅ፣ አንድ ቃል መሀላቸው ወድቆ። ከትንሹ አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ።

ትልቁ እየነደደ ተንሸራትቶ ቆመ። ከስምንት በሮች ሦስቱ ብቻ ናቸው ለመውጫ የሚሆኑት። ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል፤ አስተናጋጆቹ በእጅ ማይክና በጩኸት ሰውን መሩ። ጭስ ገብቷል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ተረጋጉ፣ ዕቃችሁን ተዉ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ብዙ ደቂቃ ፈጀ፤ ከዘጠና ሰከንድ ጋር ሲታይ ረጅም ነው፤ የአውሮፕላኑ አካል እሳቱን ያን ያህል ጊዜ ከውጭ ያዘላቸው። ካፒቴኑ የቀረ ሰው እንዳለ እያየ ወደ ኋላ ሄዶ የመጨረሻው ሆኖ ወጣ። 379ኙም ወጡ።

በዚያ ምሽት የተነሡት ምስሎች ላይ ሰዎቹ ሣር ላይ ቆመው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ኮት የለውም፤ ሻንጣ የያዘ ሰው ለመፈለግ ዓይን ይደክማል። እሳቱ የጠፋው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአውሮፕላኑ ጋር የነደደው የመንገደኞቹ ሻንጣ ነበር።